አቦል ለትንሹ፣ በረካ ለትልቁ

ትምህርት ቤት ከተዘጋ ወዲህ ከሚደርሱኝ ደብዳቤዎች ግማሽ ያህሉ ስለ አንድ ነገር ናቸው። ልጆች ቤት ዋሉ፣ ምን እናድርጋቸው? ጅማን ደግሞ ታውቋታላችሁ። ጠዋት ፀሐይ ወጣች ብላችሁ ልብስ ታሰጣላችሁ፣ ሰባት ሰዓት ሳይሞላ ዝናቡ ይወርዳል፣ ከዚያ በኋላ ልጅ ደጅ ማስወጣት የለም። ስለዚህ በዚህ ወር ለልጆች ጮክ ብሎ ስለማንበብና ቤት ውስጥ ስለማስተማር ከጻፋችሁልኝ ውስጥ አራት ጥያቄዎች መርጫለሁ። የመጀመሪያው ላይ ብዙ ቆይቻለሁ፤ እኔም ያለፍኩበት ስለሆነ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ቲቸር። የሦስት ልጆች እናት ነኝ፣ የምንኖረው ቆጪ ነው። ትልቁ 11 ዓመቱ ነው፣ ሴቷ 7፣ ትንሹ ደግሞ 3 ሊሞላው ነው። ባለቤቴ ሹፌር ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው። በዚህ ክረምት ቴሌቪዥን ላይ ተጥደው እንዳይውሉ ብዬ ማታ ማታ መጽሐፍ ላነብላቸው ጀመርኩ። ለየብቻ ነው የማነብላቸው፤ ለትንሹ የሥዕል መጽሐፍ፣ ለሴቷ ተረት፣ ለትልቁ ወፈር ያለ። ሦስተኛው ጋ ስደርስ ድምፄ ይዘጋል። ትልቁም «እኔ ማንበብ እችላለሁ፣ ሕፃን አይደለሁም» ብሎኝ ተነስቶ ይሄዳል። አንድ ላይ ላንብብ ስል ደግሞ ትንሹ መጽሐፉን ይነጥቀኛል፣ ሴቷ ታለቅሳለች፣ መጨረሻው ጩኸት ነው። ባለፈው ማታ መጽሐፉን ወርውሬው ተነሳሁ። ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ ሲጸጽተኝ አደረ። ላቁመው ወይስ ሌላ መንገድ አለው?

መልስ፦ የኔ እህት፣ ማንበቡን አታቁሚ። ለየብቻ ማንበቡን ግን ከዛሬ ጀምሮ ተዪው።

እስቲ አስቢው። ቀኑን ሙሉ ስትለፊ ውለሽ፣ እራት አብልተሽ፣ ዕቃ አጥበሽ፣ ከዚያ ሦስት ጊዜ ቁጭ ብለሽ ሦስት መጽሐፍ። ይህን ማንም አይዘልቀውም። አንድ ሳምንት ይሄዳል፣ ከዚያ ይቀራል፣ ሲቀር ደግሞ ጥፋቱ ያንቺ ይመስልሻል። ያንቺ አይደለም። አከፋፈሉ ነው የማያዘልቀው።

አንድ መጽሐፍ ያዢ፣ ለሦስቱም። በትንሹ ልክ አይሁን፣ በትልቁም ልክ አይሁን፣ ከሴቷ ልጅሽ ትንሽ ከፍ ያለውን ምረጪ። ልጅ ሰምቶ የሚገባው ነገር ራሱ አንብቦ ከሚገባው በጣም ይበልጣል። የ7 ዓመቷ ልጅሽ ብቻዋን ስታነብ ገና ፊደል እየለቀመች ነው፤ አንድ ዓረፍተ ነገር እስክትጨርስ ድረስ መጀመሪያው ላይ ምን እንደነበረ ይጠፋባታል። አንቺ ስታነቢላት ግን ሐሳቧ በሙሉ ታሪኩ ላይ ነው። ንባብን ያጠኑ ሰዎች በጆሮ መረዳትና በዓይን አንብቦ መረዳት የሚስተካከሉት ልጁ 13 ወይም 14 ዓመት ሲሆነው ገደማ ነው ይላሉ። ትልቁ ልጅሽ እንግዲህ ገና 11 ነው። «ማንበብ እችላለሁ» ያለው እውነቱን ነው፣ ግን ብቻውን ሊጀምረው የማይደፍረውን መጽሐፍ በአንቺ ድምፅ ሊሰማው ይችላል።

አሁን ወደ ትንሹ እንምጣ፤ አንቺን ያደከመሽ እሱ መሰለኝ። የ3 ዓመት ልጅ ሲሰማ እጁ ሥራ ይፈልጋል። ዝም ብለህ ተቀመጥ ካልሽው መጽሐፉን ይነጥቅሻል፤ በዚያ ሰዓት ዓይኑ የሚያየው መጫወቻ እሱ ብቻ ነውና። ትንሽ ሊጥ ስጪው። ከለርና ወረቀት ስጪው። የኔ ትንሹ ልጅ ቆርኪ ነበር የሚደረድረው። እኔ ሳነብ እሱ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ቆርኪዎቹን ሲያሰልፍ፣ ሲበትን፣ እንደገና ሲያሰልፍ ምንም የሚሰማ አይመስልም ነበር፣ እኔም ለታላላቆቹ እንጂ ለእሱ ብዬ አልነበረም የማነበው። ሦስት ቀን ቆይቶ ገላውን ሳጥበው ውሃው ቀዘቀዘበትና «ወየው ጉዴ፣ አለች ቀበሮ» አለኝ። ተረቱ ውስጥ ቀበሮዋ ወንዝ ስትገባ ያለችው ነው፣ ቃል በቃል። ሳሙናውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ ጠረጴዛ ሥር ያለ ልጅ አይሰማም ብዬ አላውቅም።

ሰዓቱን በተመለከተ እኛ ቤት የሠራውን ልንገርሽ። ጅማ ላይ ቡና የማይፈላበት ቤት የለም፣ ቡናው ደግሞ ሦስት ጊዜ ነው የሚወርደው። እኔ ይህችን ነገር ያገኘኋት ሌላ ባዶ ሰዓት ሳጣ ነው። አቦሉ ለትንሹ ይሁን። አንቺ ስትቀጂ እጅሽ ስለማይፈታ የሥዕል መጽሐፉን ትልቁ ያንብብለት። ቶናው ላይ የሁሉም መጽሐፍ ይወጣል፣ ያኔ ተራው ያንቺ ነው፣ 15 ደቂቃ፣ ቢበዛ 20። በረካው ሲደርስ ትንሹ ወይ ተኝቷል ወይ ደክሞታል፣ ሴቷም ፈንዲሻዋን ጨርሳ ትነሳለች፤ ያኔ ከትልቁ ጋር ብቻችሁን ሁለት ገጽ ታነባላችሁ። ማንንም ሂድ አትበዪ፣ ማንንም ቁጭ በል አትበዪ። ሴቷ በረካው ላይ ልቆይ ካለች ትቆይ። ቡና በማይፈላበት ማታ ደግሞ ቶናዋን ብቻ አንብቢ፣ ይበቃል።

የአቦሉን ንባብ ለትልቁ የሰጠሁት እጅሽ ስለተያዘ ብቻ አይደለም። ብዙ የ11 ዓመት ልጆች ማንበብ ይችላሉ ይባላል እንጂ ሲያነቡ ይደነቃቀፋሉ፣ ይህን ለመሸፈንም ነው «ሕፃን አይደለሁም» የሚሉት። ቀላል መጽሐፍ ደጋግመው ቢያነቡ ይፈታላቸው ነበር፣ ግን የሕፃን መጽሐፍ ይዞ መታየት ያሳፍራቸዋል። ለትንሽ ወንድሙ ሲያነብ ማን ያፍራል? ያንኑ መጽሐፍ 20 ጊዜ ያነበዋል፣ ትንሹ ድገመው ይለዋልና። ልጅሽ እንደዚህ ይሁን አይሁን ከዚህ ሆኜ አላውቅም፣ ቢሆንም ባይሆንም ግን አይጎዳውም።

በረካው ላይ ደግሞ እውነተኛ ታሪክ ብታደርጊው ጥሩ ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ ወንድ ልጅ «ይህ እውነት ነው?» ብሎ መጠየቅ ይወዳል። ከደጃችሁ ጀምሩ። ዳግማዊ አባ ጅፋር ጅማን እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ገዝተዋል፤ ከአፄ ምኒልክ ጋር ተስማምተው ግብር እየገበሩ አገራቸውን ራሳቸው ሲያስተዳድሩ የኖሩ ናቸው። ስለ እሳቸው ያነበባችሁ ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት ዝናቡ ሳይመጣ ጂሬን ውሰጂውና የእንጨቱን ቤተ መንግሥት ይየው። የተነበበለትን ነገር በእጁ የነካ ልጅ ማታ መጽሐፉን ራሱ ነው የሚያመጣው።

ተነስቶ ቢሄድም አትከተዪው። በሩን ብቻ ክፍት ተዪው፣ ድምፅሽንም ትንሽ ከፍ አድርጊ። ጀርባውን ሰጥቶ መስማትም መስማት ነው። ሲነበብለት መስማት የሕፃን ነገር ነው ብሎ ካሰበ ደግሞ የአያቶቹን ጊዜ ንገሪው። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ላይ ልቦለድ ሲተርክ ሬዲዮ ያለበት ቤት ጎረቤት ይሰበሰብ ነበር። እኛ ሰፈር ፂማቸው የሸበተ ሰዎች ሳይቀሩ ቁጭ ብለው ይሰሙ ነበር፣ ማንም ሰው ሲያስነጥስ እንኳ ይቆጡ ነበር።

አንድ ቀን ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ የምታነቢው ለራስሽም አይሰማሽም። ያኔ ድምፅሽን አታባክኚ። መጽሐፉን ክደኚና «እንቆቅልህ!» በያቸው፣ «ምን አውቅልህ!» ብለው ይጩሁልሽ። ጩኸት ለሚወድ ልጅ ዝናብና እንቆቅልሽ ይስማማሉ። ያላወቀው አገር ይስጥ፤ እኛ ቤት አጋሮ ስንት ጊዜ እንደተሰጠች አላስታውስም። ይህም የንባብ ወገን ነው፣ ቃል ነው የሚጫወቱት።

ስለወረወርሽው መጽሐፍ፦ ለልጆቹ «ያን ማታ ደክሞኝ ነበር፣ መጽሐፍ መወርወሬ ልክ አልነበረም» በያቸው። ከዚያ ያቋረጥሽበትን ገጽ አውጪና ከዚያው ቀጥዪ። ሌላ ምንም አያስፈልገውም።

ጥያቄ፦ ሰላም ቲቸር። ነዋሪነቴ ጂሬን አካባቢ ነው። የ9 ዓመት ልጄ በሕመም ምክንያት ከመጋቢት ጀምሮ ትምህርት ቤት አልሄደም። አሁን ደህና ነው፣ ሐኪሙ መስከረም ላይ ይመለሳል ብሎናል። እስከዚያ እኔ ነኝ ቤት የማስተምረው፣ እንደ ትምህርት ቤቱ ፕሮግራም አውጥቼ በቀን አምስት ክፍለ ጊዜ። አሁን ሁለታችንም ተሰላችተናል። ትምህርት ቤት የሚማረው በአፋን ኦሮሞ ነው፣ ቤት የምናወራው አማርኛ ነው። አማርኛ ጮክ ብሎ እንዲያነብልኝ ሳደርገው ቃሉን አበላሽቶ ይጠራዋል፣ በየቃሉ አርመዋለሁ፣ አሁን መጽሐፍ ሳነሳ ገና ፊቱ ይጠቁራል። አማርኛውን ልተወው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ እንኳን ልጅህን ማረልህ።

አማርኛውን አትተወው፣ እርማቱን ግን ተወው። ልጅህ የሚሳሳተው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ፊደላችን የማያሳየው ነገር አለ። «ገና» የሚለውን ቃል ጻፈው። «አባቴ ገና አልመጣም» ስትል «ና» ይላላል። የገና በዓል ስትል ይጠብቃል። አጻጻፉ ግን አንድ ነው። «ዋና መንገድ» እና «የወንዝ ዋና» ያው ናቸው። «አለ» ራሱ፣ ተናገረ ለማለትም መኖሩን ለመግለጽም በአንድ ዓይነት ነው የሚጻፈው። አንተ እነዚህን ስታነብ የቱ እንደሚጠብቅ የምታውቀው ከፊደሉ አይደለም፣ ቃሉን ሺህ ጊዜ ስለሰማኸው ነው። ልጅህ ደግሞ ትምህርት ቤት የለመደው ቁቤ ነው፣ አፋን ኦሮሞ የሚጻፍበት የላቲን ፊደል። ቁቤ የሚጠብቀውን ድምፅ ሁለት ጊዜ ይጽፈዋል፣ የሚረዝመውንም አናባቢ ሁለት ጊዜ ይጽፈዋል፣ ስለዚህ ያየውን ከጠራ ልክ ነው። ያንን ልማድ ይዞ ወደ አማርኛ ሲመጣ ያየውን ይጠራል፣ አንተ ደግሞ ተሳሳትክ ትለዋለህ። በልጁ ቦታ ሆነህ እየው፤ ምኑን እንደተሳሳተ በምን ያውቃል? ወረቀቱ ላይ የለም።

ስለዚህ መድኃኒቱ በጆሮው ነው የሚገባው። መጀመሪያ አንተ አንብብለት። ጣቱን መስመሩ ላይ አድርጎ ይከተልህ፣ አንተ ሳትቸኩል፣ ግን ሳትቆራርጥም፣ ሰው እንደሚያወራ አድርገህ አንብብ። ከዚያ ያንኑ አንቀጽ አብራችሁ፣ በአንድ ድምፅ። ከዚያ እሱ ብቻውን። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ስህተቱ በራሱ ይቀንሳል። አሁንም የሳተው ቃል ካለ ዓረፍተ ነገሩን ይጨርስ፣ አንተም «አልገባኝም፣ መጥቶ ነው ወይስ አልመጣም?» ብለህ ስለ ታሪኩ ጠይቀው። ብዙ ጊዜ ራሱ ተመልሶ ያስተካክለዋል። መሀል ላይ አታቋርጠው። በየቃሉ የሚታረም ልጅ የአባቱን ፊት ነው የሚያነበው፣ መጽሐፉን አይደለም።

ይህ ዘዴ የኔ ፈጠራ አይደለም። የቄስ ትምህርት ቤት የኔታ ያሉትን ልጁ ተቀብሎ ነው ፊደል የሚቆጥረው፤ ንባቡም በድምፅ ነው፣ ግዕዝ፣ ውርድ፣ ቁም እያለ የሚሄደው በዜማና በአጠባበቅ ነው። የቁርአን ትምህርት ቤትም ልጁ ሉሁን ይዞ ከኡስታዙ አፍ እየተቀበለ ነው የሚቀራው። ጅማ ላይ ጠዋት በሁለቱም ደጃፍ ያለፈ ሰው ድምፁን ያውቀዋል። ዝም ብሎ በዓይን ብቻ ማንበብ እኛ ጋ በኋላ የመጣ ነገር ነው። ዱላውን ትተን ድምፁን ብንወስድ እኔ ደስ ይለኛል።

አምስቱን ክፍለ ጊዜም ቀንሰው። ሃምሳና ስልሳ ልጅ ባለበት ክፍል ዕድሜዬን አስተምሬያለሁ። ከ40 ደቂቃው ላይ ስም ጥሪው፣ ዝም በሉ ማለቱ፣ ከሰሌዳ መገልበጡ ሲቀነስ ለአንድ ልጅ የሚደርሰው የመምህሩ ጊዜ በጣም ትንሽ ነው። አንተ ጋ አንድ ልጅ ነው ያለው። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ወይም ሁለት ሰዓት ከሠራችሁ፣ ከዚያ ማታ ካነበብክለት፣ ለ9 ዓመት ልጅ በቂ ነው። ሒሳቡን ጠዋት አእምሮው ሳይደክም አድርገው። ቀሪው ቀን የሱ ይሁን።

መጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ የእህቴ ልጆች እኔ ጋ ነበሩ። እኔም እንዳንተው ግድግዳ ላይ ፕሮግራም ለጠፍኩ፣ ከሁለት እስከ ስድስት ሰዓት፣ በየክፍለ ጊዜው። ሁለት ሳምንት አልሞላውም። ልጆቹ አኮረፉ፣ እኔም ቁጡ ሆንኩባቸው። ወረቀቱን አንስቼ ጠዋት ሒሳብና ጽሑፍ፣ ማታ ንባብ ብቻ አደረግኩት። ትምህርት ቤት ሲከፈት ሌላውን ብዙ ረስተው ነበር፣ የተነበበላቸውን መጽሐፍ ግን ከነገጸ ባሕርያቱ ያስታውሱ ነበር፣ ታናሽየዋ ሰኔ ላይ ከሰማችው ታሪክ አንዱን ሰው እየጠቀሰች ትሰድብ ነበር።

አንድ የቢሮ ነገር። የሐኪሙን ወረቀት ይዘህ ትምህርት ቤቱ ዘንድ ሂድ፣ ርዕሰ መምህሩን አነጋግር፣ ልጁ ስላመለጠው ፈተና ምን እንደሚደረግ አሁኑኑ በጽሑፍ ያዝ። መስከረም ላይ ሰው በምዝገባ ስለሚጨናነቅ ማንም ጊዜ አይሰጥህም።

ጥያቄ፦ እንደምን አሉ ቲቸር። እኔ መርካቶ ሱቅ ስለምውል ልጆቼ ቀን ቀን ከእናቴ ጋር ናቸው፣ 5 እና 8 ዓመታቸው ነው። እናቴ ማንበብ አትችልም፣ አማርኛም ብዙ አትናገርም፣ የምታወራቸው በአፋን ኦሮሞ ነው። ማንበብ የሚችል ሰው አጠገባቸው ስለሌለ ወደ ኋላ ይቀሩብኛል ብዬ እሰጋለሁ። ሞግዚት ልቅጠር?

መልስ፦ እህቴ፣ ለዚህ ብለሽ ገንዘብሽን አታውጪ። እናትሽ «ዱሪ ዱሪ» ብለው ተረት ሲጀምሩላቸው እኮ እየተነበበላቸው ነው፣ መጽሐፉ አያታቸው ውስጥ ነው ያለው። ታሪክ መጀመሪያና መጨረሻ እንዳለው፣ ተንኮለኛው ማን እንደሆነ፣ ቀጥሎ ምን ሊመጣ እንደሚችል መገመት፣ ልጅ መጽሐፍ ከመክፈቱ በፊት የሚማረው ይህን ነው። በየትኛው ቋንቋ ይሁን ግድ የለም። ይልቅ እናትሽ ባልለመዱት አማርኛ እንዲያወሯቸው እንዳታደርጊ፤ በተሰበረ አማርኛ የሚያወሩት ልጅ ከሁለቱም ይጎድልበታል።

አንድ ነገር ግን መጨመር ትችያለሽ። የአንድ መስመር ደብተር ግዢ። የ8 ዓመቱ ልጅ አያቱ የነገሩትን ተረት በቁቤ ይጻፈው፣ ትምህርት ቤት የተማረው ነውና። የ5 ዓመቱ ሥዕሉን ይሣል። ከዚያ ልጁ ለአያቱ መልሶ ያንብብላቸው። ሲሳሳት እሳቸው ናቸው የሚያርሙት፣ ታሪኩ የራሳቸው ነው። ወሩ ሲያልቅ ቤታችሁ ውስጥ አንድ መጽሐፍ አለ ማለት ነው፣ አንቺም ማታ ስትገቢ እሱን ታነቢላቸዋለሽ፣ ከቻልሽ በአማርኛ መልሰሽ ተርኪላቸው።

ማንበብ የማይችል ሰው ምን ያህል ሊሰማ እንደሚችል ልጅ ሆኜ ነው ያየሁት። ሰፈራችን ውስጥ ደብዳቤ አንባቢዋ እኔ ነበርኩ። አንዲት ጎረቤታችን ልጃቸው ሩቅ አገር ነበር፣ ደብዳቤ ሲመጣ እጄን ይዘው ወስደው በርጩማ ላይ ያስቀምጡኝና ሦስት ጊዜ ያስነብቡኝ ነበር። መጀመሪያ ጊዜ ያለቅሳሉ። ሁለተኛው ላይ ከንፈራቸው ከእኔ ጋር ይንቀሳቀሳል። ሦስተኛው ላይ እኔ አንድ ቃል ብዘል «እዚህ ጋ ሰላምታ አለ» ይሉኛል። አንዲት ፊደል አይለዩም ነበር። በኋላ በ1971 መሠረተ ትምህርት ሲጀመር ተመዘገቡ፣ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ራሳቸው ሲያነቡ እኔ አጠገባቸው ነበርኩ፣ አንድ መስመር ለማንበብ ምን ያህል እንደቆዩ አሁንም ይታየኛል፣ ላብ ግንባራቸው ላይ ነበር።

ጥያቄ፦ ቲቸር፣ እኔ የቀን ሠራተኛ ነኝ። ከ4ኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፣ ሳነብ እጎተታለሁ። ሴት ልጄ 6 ዓመቷ ነው፣ ዘንድሮ 1ኛ ክፍል ትገባለች። ለልጅ ማንበብ ጥሩ ነው ሲባል ሰማሁ። እኔ ከማበላሽባት ስልክ ላይ ተረት ልክፈትላት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስልኩ ክፉ አይደለም። በጣም የደከመህ ማታ ክፈትላት፣ አጠገቧ ቁጭ ብለህ አብረህ ስማ። በእኛ ጊዜ አባባ ተስፋዬ በቴሌቪዥን ሲተርኩ ስንት ልጅ ነው ተረት የጠገበው። ግን ስልኩ ልጅህ «ለምን?» ስትል አይቆምላትም። አንተ ትቆምላታለህ። ስትፈራም ጉያህ ትገባለች።

ስለመጎተትህ አትፈር። ለ6 ዓመት ልጅ ቀስ ብሎ የሚነበብ ጥሩ ነው፣ እሷም የምትከተልህ በዚያው ፍጥነት ነው። እንዲህ አድርግ። ከጎረቤት ወይም ከዘመድ ልጅ የተረፈ የ1ኛ ወይም የ2ኛ ክፍል የአማርኛ መማሪያ ፈልግ፣ ያረጀም ቢሆን። ውስጡ አጫጭር ምንባቦች አሉ። ቀን ላይ በምሳ ሰዓትህ አንዱን ለብቻህ ሁለት ሦስት ጊዜ አንብበው፣ ምላስህ እስኪለምደው። ማታ ያንን ብቻ ለልጅህ አንብብላት። በነጋታውም ያንኑ ድገምላት፣ ልጅ ድግግሞሽ አይሰለቸውም፣ አንተም ይፈታልሃል። ቃል ከያዘህ «ቆይ እስቲ ይህቺን እንያት» በላትና ፊደሎቹን አብራችሁ በጣት ቁጠሩ። አባቷ ከባድ ቃል ገጥሞት ሳይሸሽ ሲታገል ማየቷን እኔ ከየትኛውም ተረት አላሳንሰውም።

መስከረም እስኪጠባ ጊዜ አላችሁ። በሳምንት አንድ ምንባብ ከያዛችሁ ትምህርት ቤት ስትገባ የምታውቃቸው ስምንት ታሪኮች ይኖሯታል፣ አንተም ስምንቱን ሳትጎተት ታነባለህ። የመጀመሪያው የቱ እንደሆነ ጻፍልኝ፣ እጠብቃለሁ።